መምህሬን አልመዝንም

ይህን ገጠመኝ ለመጻፍ ብዙ ያመነታሁት ትዝታዬን ስለማላምነው ነው። ሙያዬ ሰዎችን ጠይቆ መረጃ መሰብሰብ ነበርና፣ ሰው ከዓመታት በኋላ «እንዲህ አለኝ፣ እንዲህ አልኩት» ሲል ምን ያህል እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ በሚገባ አውቃለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች በንግግር መልክ የምታነቡት ሁሉ ቃል በቃል የተባለ ነው ብዬ አልሟገትም። የነገሩ ሐሳብና ቅደም ተከተል ግን አልጠፋኝም፤ በጠፋኝ ቦታ ባለቤቴን ጠይቄያለሁ።

ወረርሽኙ በገባበት ዓመት ዕድሜዬ ስልሳዎቹን አጋምሶ ነበር። በአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የገጠር ኢኮኖሚ ሳስተምር ኖሬ፣ በተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ጡረታ ወጥቼ፣ በዓረብ ኤሚሬቶች፣ አጅማን ውስጥ በምትገኝ አንዲት ትንሽ የግል ኮሌጅ በውል እሠራ ነበር። ከባለቤቴ ከተናኜ ጋር የምንኖረው እዚያው አጅማን፣ አል ጁርፍ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከመስኮቱ የጋራዦችና የመጋዘኖች ጣሪያ በሚታይበት አፓርታማ ነው። እውነቱን ለመናገር አገሩም ሥራውም ያን ያህል አልያዘኝም። የያዘን የተናኜ ዐይን ነበር። ሁለቱም ዐይኖቿ ሬቲናቸው ተጎድቶ፣ ሻርጃ ያለ ሐኪም ቀኙን በቀዶ ሕክምና አድኖታል፤ ግራው ቀጠሮ ተይዞለት ሳለ ወረርሽኙ መጣና አስቸኳይ ያልሆነ ሕክምና ሁሉ ተላለፈ። ሐኪሙ «ከመከር በላይ አይቆይም» ብሎን ነበር። የእሷ የመኖሪያ ፈቃድ በእኔ ፈቃድ ላይ፣ የጤና መድኗም በእኔ ውል ላይ የተንጠለጠለ ነው። ውሌ ከተቋረጠ ግራ ዐይኗም አብሮ ይቀራል ማለት ነው።

በዚያ በጋ የተማሪው ምዝገባ እጅግ ቀነሰ። ኮሌጁም መምህራኑን ሁሉ በአዲስ የደረጃ ሠንጠረዥ እንደገና ሊመድብ ወሰነ፤ ከሌላ ቦታ ያመጣነውን ማዕረግ እንዳለ አይቀበልም፣ ሥራችንን ራሱ መዝኖ ይሰጣል። ከዩኒቨርሲቲ ቅጥር ውጭ ላላችሁ አንባቢዎች፣ የመምህራን ማዕረግ ከታች ከረዳት ምሩቅ ይነሣና ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ በመጨረሻም ፕሮፌሰር እያለ ይወጣል። አንዷን እርከን ለመውጣት ሰው ለዓመታት ያስተምራል፣ ጥናት ያሳትማል፣ ማንነታቸው የማይነገረው ገምጋሚዎች ሥራውን ይመረምሩታል፣ ሴኔት ያጸድቅለታል። ውጪ ላለ ሰው የስም ቅጽል ሊመስለው ይችላል፤ ለእኛ ግን የዕድሜያችን ድምር ነው። በአዲሱ ሠንጠረዥ ላይ ለእኔ የምታሳስበው አንዲት አንቀጽ ብቻ ነበረች፤ ዕድሜው ከስልሳ በላይ የሆነ መምህር ውሉ የሚታደሰው ቢያንስ ረዳት ፕሮፌሰር ሆኖ ከተመደበ ነው የምትል።

እኔ አልሰጋሁም። ከመዛኙ ኮሚቴ አባላት አንዱ ዶክተር ኤርሚያስ ነበርና።

ኤርሚያስ ተማሪዬ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪውንም ሁለተኛውንም በእኔ እጅ ሠርቷል፤ በእህል ገበያ ላይ ባደረግሁት ትልቁ ጥናቴም መረጃ ሰብሳቢ ሆኖ ከቤት ወደ ቤት ዞሯል። ከዚያ ውጭ አገር ተምሮ ዶክተር ሆነ፣ እዚህ ኮሌጅ ቀድሞኝ ገባ፣ የሥራ ማስታወቂያውንም የላከልኝ እሱ ነው። በየበዓሉ «ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ» ብሎ ሳይደውል ቀርቶ አያውቅም። ጥናቶቼ የታተሙት በአገር ቤት የወረቀት መጽሔት ላይ ነው፤ ከኮሚቴው መካከል ያን መጽሔት የሚያውቅ፣ ሥራዬንም ያነበበ እሱ ብቻ ነበር።

እሑድ ጠዋት፣ ያኔ የሥራ ሳምንት የሚጀምረው እሑድ ነበር፣ ውጤቱ በኢሜይል መጣ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መነጽሬን ጠርጌ ሦስተኛ ያነበብኩትም ይመስለኛል። «ሌክቸረር» ይላል።

ተናኜ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ነበር። «ምን አሉህ?» አለችኝ።

«ሌክቸረር አሉኝ።»

«ሌክቸረር የሆንከው በስንት ዓመትህ ነበር?»

«በሃያ ሰባት ይመስለኛል።»

«እንኳን ደስ ያለህ፣ ወጣት ሆነህልኛል። እኔን አሮጊቷን እንግዲህ ምን ልታደርገኝ ነው?»

ሳቅሁ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ሳያልቅ እጇን ወደ ተሠራው ቀኝ ዐይኗ አንሥታ በመዳፏ ሸፈነችው፤ አንዱን ሸፍና በሌላው ማየት ልማድ አድርጋው ነበር፣ የቀረውን ብርሃን ለመለካት።

«ኤርሚያስ እያለ እንዴት እንዲህ ይሆናል?» አለች እጇን አውርዳ።

እኔም የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። ለኮሚቴው ሰብሳቢ ደወልኩ። ሰብሳቢዋ ዱባይ የምትኖር፣ ኮሌጁ ከውጭ የጋበዛት ሕንዳዊት ፕሮፌሰር ነች፤ ፈጣንና ቀጥተኛ ሴት።

«ዶክተር አሥራት፣» አለችኝ፣ «ጽሑፎችዎ የታተሙበትን መጽሔት ማናችንም በኢንተርኔት ልናገኘው አልቻልንም። የተማመንነው በዶክተር ኤርሚያስ ነበር። የእርስዎ ተራ ሲደርስ ግን ‹መምህሬ ናቸው፣ የጥቅም ግጭት አለብኝ› ብሎ ወጣ።»

«ደንቡ ያስገድደዋል?»

«አያስገድደውም። መምህርህ መሆናቸውን አስመዝግብና ቆይ፣ የምታውቀውን ንገረን አልኩት። እምቢ አለ። እኛም የምናየውን ብቻ ቆጠርን። የምናየው ምንም አልነበረም።»

ይግባኝ ማለት እንደምችል፣ ሐሙስ በዙም እንደሚሰሙኝ፣ ሥራዬን የሚያውቅ ሰው መመስከር እንደሚችልም ነገረችኝ። አመስግኜ ዘጋሁ።

ኤርሚያስ ጋ ስደውል አላነሣም። «ጋሼ፣ ክፍል ላይ ነኝ፣ እደውላለሁ» የሚል መልእክት ላከ። ማግስቱንም እንዲሁ። ይህ ልጅ ስልኬን ሳያነሣ ቀርቶ አያውቅም ነበርና ነገሩ ሲደጋገም ንዴት ያዘኝ። እኔ በተፈጥሮዬ ጠንቃቃ ነኝ፤ በዚያ ወቅትም ከቤት ወጥቼ አላውቅም ማለት ይቻላል፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው በሽታው እንደማይምረው በየቀኑ እንሰማ ነበርና። ማክሰኞ ግን ማስኬን አድርጌ ወረድኩ።

በኤሚሬቶቹ መካከል የሚሄደው አውቶቡስ ያኔ ቆሞ ነበር፤ ወይም እኔ ቆሟል ብዬ አምን ነበር። የወሰደኝ ሕንጻችን ውስጥ የሚኖር ሰይድ የሚባል የወሎ ልጅ ነው፤ የድርጅት ሠራተኞችን በሚኒባስ ሲያመላልስ ኖሮ ድርጅቱ ሲዘጋ ሥራ የፈታ። ከፊትና ከኋላ ወንበር መካከል ላስቲክ ወጥሮ፣ እኔን ከኋላ አስቀምጦ፣ በላስቲኩ ውስጥ እየጮኸ ያወራኝ ጀመር።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ፕሮፌሰር ከዶክተር ይበልጣል?»

«ይለያያል። ዶክተር የትምህርት ደረጃ ነው፤ ፕሮፌሰር የሥራ ማዕረግ ነው።»

«እርስዎ የቱ ነዎት?»

«እስከ እሑድ ድረስ ተባባሪ ፕሮፌሰር ነበርኩ።»

«እሑድ ምን ሆኑ?»

ነገርኩት። ለምን እንደነገርኩት አላውቅም፤ ምናልባት ላስቲኩ ይሆናል፣ ፊቱ ስለማይታየኝ።

«ዋላሂ ለዚህ ነው እንዲህ የተናደዱት?» አለ። «የኔን ቪዛ ቢያዩት ምን ሊሉ ነው። ‹አናጺ› ነው የሚለው። በሕይወቴ ሚስማር መትቼ አላውቅም። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ዓረብ ቤት ምግብ አብሳይ ነው፤ ቪዛው ‹አትክልተኛ› ይላል። ሹግሉ፣ ሥራው ሌላ፣ ወረቀቱ ሌላ።»

«የእኔ ከወረቀቱ ጋር አንድ ነበር፣ ሰይድ።»

«እሱ ነው እንግዲህ ሙሽኪላው፣ ችግሩ» አለ በማዘን። «እኛ ለምደነዋል። እርስዎ ገና አዲስ ነዎት።»

ኤርሚያስ የሚኖርበትን የሻርጃውን ሮላ እንደዚያ ጭር ብሎ አይቼው አላውቅም። ሰው የማያስኬድ የነበረው አደባባይ ርግብ ወርሶታል፤ ከሐዋላ ቤቶቹ ደጃፍ ሰዎች መሬት ላይ በተለጠፉ ምልክቶች ተራርቀው ቆመዋል። የኤርሚያስ ሕንጻ ዘበኛ እንግዳ አላስገባም ስላለኝ ከታች ሆኜ ደወልኩ። አሁን አነሣ። በር ላይ መሆኔን ስነግረው ወረደ።

በእጁ የላስቲክ ወንበር ይዟል። በተዘጋ የልብስ ሱቅ ጥላ ሥር አስቀምጦልኝ፣ ትከሻዬን ሊስም ጎንበስ ካለ በኋላ ወረርሽኙ ትዝ አለውና ወደ ኋላ ተመልሶ እጅ ነሣ። የታሸገ ውኃም አምጥቷል። እኔ ተቀመጥኩ፤ እሱ በዚያ ሙቀት ቆመ። «አንተም ተቀመጥ» ስለው «አይ፣ ጋሼ፣ እንዲያውም እግሬን ያፍታታኛል» አለኝ።

«ለምን ወጣህ?» አልኩት።

«ጋሼ… እርስዎን? እኔ?»

«አዎ። እኔን፣ አንተ።»

«መምህሬን አልመዝንም» አለ። ይህን ሲል ቀና ብሎ ነው የተናገረው፤ ሐፍረት አልታየበትም። «ለእርስዎ እኔ ቁጥር ልስጥ? ‹ለዚህ ይህን ያህል፣ ለዚያ ያን ያህል› ብዬ? አባቴ ቢሰማ ምን ይለኛል? እዚህ ያለውስ ሐበሻ? ‹አስተማሪውን ፈተነ› አይደል የሚባለው?»

«አሁንስ ምን የሚባል ይመስልሃል? ‹አስተማሪውን አስባረረ› ነው።»

«እኔ አላባረርኩዎትም። እኔ እጄን አላስገባሁም።»

«ችግሩ እሱ ነው፣ ኤርሚያስ። እጅህን አላስገባህም። እነዚያ ሰዎች መጽሔቱን አያውቁት፣ አማርኛ አያነቡ፣ አገሩን አያውቁት። አንተ ስትወጣ ሥራዬን የሚያውቀው ሁሉ ወጣ። አክብሮትህ ሌክቸረር አደረገኝ።»

ማስኩን ወደ ላይ ሳበ። ከዐይኑ በቀር የሚታየኝ አልነበረም፤ ዐይኑ ግን ቀልቷል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ የተናኜን ነገር ነገርኩት። ቀኙ መሠራቱን ያውቃል፤ የግራው ቀን እንዳለውና መድኑ በውሌ ላይ እንደሆነ አያውቅም ነበር።

«ይህን ለምን ሳይነግሩኝ?» አለ።

«ሥራዬን እንድትመዝን እንጂ እንድታዝንልኝ አልፈለግሁማ።»

«ሐሙስ እቀርባለሁ፣ ጋሼ። እመሰክራለሁ። ኸላስ፣ አበቃ፣ አይጨነቁ» አለኝ። ወንበሩን አንጠልጥሎ ቆሞ፣ የሰይድ መኪና እስኪታጠፍ ድረስ አልገባም።

«ተሳካ?» አለኝ ሰይድ።

«ይመስለኛል።»

«‹ይመስለኛል› ኢሚግሬሽን ላይ አይሠራም፣ ጋሼ።»

ሐሙስ ጠዋት ሸሚዜን ከክራቫት ጋር አድርጌ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ተናኜ ካሜራው ከማያያት ጥግ ወንበር ስባ ተቀመጠች። በስክሪኑ ላይ ሰብሳቢዋ አለች፤ ካሜራውን ያጠፋ አንድ ዓረብ የኮሚቴ አባል አለ፣ የሚታየው የስሙ ፊደል ብቻ ነው፤ ኤርሚያስ ሙሉ ልብስ ለብሶ ቀርቧል። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነበር፤ የምጽፍላችሁ ትርጉሙን ነው።

ሰብሳቢዋ ጊዜ አላባከነችም። «ዶክተር ኤርሚያስ፣ የሚያውቁትን ይንገሩን» አለች።

ኤርሚያስ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ዶክተር አሥራት የብዙዎቻችን አባት ናቸው አለ። በክፉ ጊዜ አገርና ትውልድን አገልግለዋል አለ። ትሕትናቸው፣ ሰው አክባሪነታቸው፣ ለድሃ ተማሪ የነበራቸው ርኅራኄ ተነግሮ አያልቅም አለ። ከልቡ መሆኑን ማንም ያያል። ያልሠራሁትንም በጎ ነገር ጨማመረልኝ መሰለኝ።

ተናኜ ከጥጓ በሹክሹክታ፣ «የሞትክ መሰለኝ» አለችኝ።

በእርግጥም የሰማሁት የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ነበር። ሲጨርስ ሰብሳቢዋ በትዕግሥት፣ «አመሰግናለሁ። ሥራቸውስ?» አለች።

«ሥራቸው እጅግ የተከበረ ነው።»

«በማን?»

«በሁላችንም።»

«ምን አዲስ ነገር አሳየ? ምን ተጠራጠሩበት? ምን ተከራከሩበት?»

ኤርሚያስ ወደ ጠረጴዛው አቀረቀረ። ሰብሳቢዋ ብዕሯን አነሣች፤ መዝገቡ ሊዘጋ መሆኑ ገባኝ። እንግዲህ ከዚህ ቀጥሎ ያደረግሁትን ዛሬም ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ በዚያ ዕድሜዬ በስብሰባ መካከል የሰው ንግግር አቋርጬ አላውቅም ነበርና። ፈቃድ ጠየቅሁና በአማርኛ ተናገርኩ።

«ኤርሚያስ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ጋሼ አትበለኝ። የእህል ገበያውን ጥናቴን አንብበኸዋል፣ በእግርህም ዞረህበታል። ፈትነኝ። የሚከብደኝን ጠይቀኝ።»

«ጋሼ፣ በሰው ፊት…»

«በሰው ፊት። የተናኜ ዐይን በምስጋና አይታከምም።»

ለሰብሳቢዋም የጠየቅሁትን ተረጎምኩላት። ቅንድቧን ከፍ አደረገች፣ ብዕሯን መልሳ አስቀመጠች። «ይቀጥሉ» አለች።

ኤርሚያስ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። የመጀመሪያ ጥያቄው የፈሪ ጥያቄ ነበር፤ ናሙናውን እንዴት እንደመረጥኩ። መለስኩ። ሁለተኛው ጠንከር አለ፤ ለምን ያን ወረዳ? መለስኩ። ሦስተኛውን ሲጠይቅ ድምፁ ተለወጠ፤ ተማሪዬ የነበረው ልጅ ጠፋና ከፊቴ የሥራ ባልደረባዬ ተቀመጠ።

«መጠይቁ ዋጋን የሚጠይቀው አባወራውን ነበር» አለ።

«አዎ።»

«እኔ ከጠያቂዎቹ አንዱ ነበርኩ። በዚያ ወረዳ እህል ተሸክመው ገበያ የሚወጡት፣ የሚከራከሩት፣ የሚሸጡትም ሴቶች ናቸው። አባወራዎቹ ዋጋ ስንጠይቃቸው ወደ ጓዳ ዞረው ሚስታቸውን ያዩ ነበር። ሚስቲቱ ከሌለች ይገምታሉ። እኛም የገመቱትን እንጽፋለን። ታዲያ በዋጋው ላይ የደረሱበት መደምደሚያ በምን ይቆማል?»

ይህን ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ገምጋሚዎችም፣ ሴኔትም፣ ለዓመታት ያን ጥናት ያስተማርኳቸው ተማሪዎችም።

«ያኔ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት፤ አሁን ሁለታችንም በእንግሊዝኛ ነን።

«ልነግርዎት ፈልጌ ነበር። እንዴት ብዬ?»

በዚህ ጊዜ የዓረቡ አባል ካሜራ በራ፤ ጢሙ የሸበተ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። «እንግዲህ ከጥናቱ ምን ይተርፋል?» ብሎ ጠየቀኝ።

አሰብኩ። ያን ጥናት ለማዳን የሚያስችል ብዙ ቃል ነበረኝ፤ በሙያችን እንዲህ ያለ ቃል አይጠፋም። ነገር ግን ኤርሚያስ እዚያ ነበር፣ እኔ አልነበርኩም። ስለ ጎተራውና ስለ ክምችቱ የተናገርኩት ይቆማል አልኩ፤ ጎተራውን የሚሠራውም የሚጠብቀውም አባወራው ስለሆነ የተጠየቀው የሚያውቅ ሰው ነው። ስለ ዋጋው የተናገርኩት ግን በዚህ መረጃ ላይ ሊቆም አይችልም። ዛሬ ብሠራው ገበያ መሐል ተቀምጬ ሻጯን እጠይቃለሁ፤ ባልና ሚስቱንም ለየብቻ ጠይቄ ልዩነቱን ራሱን አጠናዋለሁ አልኩ። ኤርሚያስ ወዲያው ተቃወመኝ፤ ገበያ ላይ የተጠየቀች ሴት ቀረጥ ሰብሳቢ መስያት እውነቱን አትነግረኝም አለ። ተከራከርን። ዓረቡም በአገሩ ስለ ተምር ሽያጭ ያየውን አምጥቶ ገባበት። ሰብሳቢዋ ሰዓት ማለፉን ስትነግረን ሁላችንም የደነገጥን ይመስለኛል።

«ሰዎች ሲከራከሩበት አይቻለሁ፤ አሁን ሥራ መኖሩን አወቅሁ» አለችና ተሰናበተችን።

ተናኜ ተነሥታ ክራቫቴን ፈታችልኝ። «ምነው ሁልጊዜ እንዲህ ቢያወሩህ» አለች።

ውጤቱ በቀጣዩ እሑድ መጣ። ረዳት ፕሮፌሰር። ውሌ ለአንድ ዓመት ታደሰ። የተናኜ ግራ ዐይን መከር ሳያልፍ ተሠራ፤ እንደ ቀኙ ባይሆንም ያያል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ለእሷ ደስ ብሎኛልም። ለራሴ ግን በነጋ በጠባ የሚያንገበግበኝ ነገር ነበር። በአገሬ የተሰጠኝ ማዕረግ በአንዲት የግል ኮሌጅ አንድ እርከን ወርዷል። አንድ ቀን፣ ከዚያ ሳምንት ይሁን ከሚቀጥለው አላስታውስም፣ ኤርሚያስ ጋ ደወልኩ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያን ቀን ከኮሚቴው ባትወጣ ኖሮ ምን ትሰጠኝ ነበር?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሀሎ» አልኩ።

«ረዳት ፕሮፌሰር» አለ።

«ታዲያ ያንኑ በመጀመሪያው ቀን ብትል ኖሮ ውሌ ይታደስ ነበር። እኔም ተናኜም ያን ሁሉ ቀን አንሰቃይም ነበር።»

«እርስዎ ተባባሪ ፕሮፌሰር ነዎት፣ ጋሼ። በእጄ ዝቅ ላድርግዎት?»

«ሌክቸረር መሆኔስ?»

«እሱን ያደረጉት እነሱ ናቸው» አለኝ።

ምን ብዬ እንደተሰናበትኩት ጠፍቶኛል።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ይህን የጻፍኩት ኤርሚያስን ለመውቀስ አይደለም። በእሱ ቦታ ብሆን የማደርገው ያንኑ ነበር፤ ምናልባት ወንበሩን አላወርድም ይሆናል እንጂ። ያስመረረኝ ሌላ ነው። አገር ቤት ሳለሁ ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ስታጭ ሥራዬን የገመገሙት ሰዎች ስማቸው አልተነገረኝም፤ በዚያ ሙያ ግን ያን ጊዜ የነበርነው ጥቂቶች ነን፣ አብዛኞቹም ወይ ተማሪዎቼ ወይ የተማሪዎቼ ተማሪዎች ነበሩ። ከመካከላቸው አባወራው ዋጋውን እንደማያውቅ ያወቀ የገጠር ልጅ አልነበረም? ነበር። ያ ሰው ብዕሩን አንሥቶ መልሶ አስቀምጦ «እጅግ የተከበረ ሥራ» ብሎ ጽፎልኝ ይሆን? አላውቅም። የማውቅበት መንገድም የለም። ማዕረጌን መዝነው ሰጥተውኝ ይሁን ወይም ለአክብሮት ብለው፣ ከዚያ ሐሙስ በኋላ ለይቼ ልናገር አልችልም።

መምህራን ከሆናችሁ፣ ተማሪዎቻችሁ ስሕተታችሁን በፊታችሁ የሚናገሩበትን ሰዓት ገና ብርቱ ሳላችሁ ፍጠሩላቸው፤ በእኔ ዕድሜ ሲመጣ ያማል። ተማሪዎች ከሆናችሁ ደግሞ እግዜር ያክብራችሁ፣ ወንበሩን አምጡልን፣ እጅም ንሡን፤ ከዚያ ግን ተቀመጡና ጠይቁን። እኔ አሁን ጡረተኛ ነኝ። ኤርሚያስ የሚጽፈውን ይልክልኛል፣ እኔም የቀረኝን አንድ ጽሑፍ እልክለታለሁ፤ በየገጹ ጠርዝ የሚሰነዝርብኝ ቀይ መስመር ያበሳጨኛል፣ አንዳንዴም ለተናኜ እያነበብኩላት እሳደባለሁ። ማን መሆንህን ንገረን ብትሉኝ ግን የአገሬን ማዕረግ ትቼ የምነግራችሁ ረዳት ፕሮፌሰር አሥራት ነኝ ብዬ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን በእርግጥ ተመዝኖ እንደተሰጠኝ የማውቀው ያን ማዕረግ ብቻ ነው።